ማኅተም ከመመታቱ በፊት ያለውን ፋይል ስጡን

ይድረስ፦ ሕግና መመሪያ ለሚያወጡ፣ አኃዝ ለሚሰበስቡ፣ ካርታ ለሚሠሩና የመማሪያ መጻሕፍት ለሚያዘጋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ሰነዶች ሊሠራባቸው በሚችል ፋይል እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የሥራ ኃላፊዎች፣

ጥያቄዬ አጭር ነው። ለሕዝብ የምታወጡት ሰነድ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበትና ስካን ተደርጎ ይወጣል። እሱ ይቀጥል። ከእሱ ጎን ግን ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ዋናውን ፋይል አብራችሁ ልቀቁልን። ሕጉን በጽሑፍ፣ ሠንጠረዡን በኤክሴል፣ ካርታውን በካርታ ፋይል። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት እንደሚችል በአንድ መስመር ጻፉበት።

ቀላል ነገር ነው። ለምን ደብዳቤ እስከመጻፍ እንዳደረሰኝ ግን ላስረዳ።

ሥራዬ ለትናንሽ ድርጅቶች ሶፍትዌር መሥራት ነው። ለፋርማሲ የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለአስመጪ የሂሳብ ፕሮግራም፣ ለጭነት ማመላለሻ የስምሪት መከታተያ እንሠራለን። ሰው ሲያስበው ቀኑን ሙሉ ኮድ የምንጽፍ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜያችን የሚያልቀው ግን መንግሥት አንዴ የጻፈውን ነገር መልሰን በመጻፍ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ለአንድ አስመጪ ደንበኛችን የቀረጥ ማስያ እየሠራን ነበር። የሚያስፈልገን ሠንጠረዥ ከአንድ መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ አለ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፣ ትንሽ ጠመም ብሏል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዷ ከስክሪኑ ላይ ታነባለች፣ ሌላው ኤክሴል ላይ ይጽፋል። «ስምንት አራት ሰባት... ቆይ፣ ይሄ ሦስት ነው ስምንት?» ገጹን ያሰፉታል። ሲሰፋ ይደበዝዛል። አንድ ገጽ ላይ ክቡ ማኅተም ቁጥሮቹ ላይ አርፎ ከሥሩ ያለው ነገር አይነበብም። በግምት እንዳይሞሉት የሰው ገንዘብ ነው። ትተውት እንዳያልፉ ፕሮግራሙ ጎዶሎ ይሆናል። ስልክ ተደወለ። መልሱ «በአካል መጥታችሁ በደብዳቤ ጠይቁ» ነበር።

የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ያንን ሠንጠረዥ መጀመሪያ የሠራው ባለሙያ በብዕር አልሠራውም። ኤክሴል ላይ ነው የሠራው። ከዚያ ታተመ። ተፈረመበት። ማኅተም ተመታበት። ስካን ተደረገ። ተሰቀለ። ከዚያ በየአስመጪው ቢሮ ያለ ሠራተኛ፣ በየባንኩ ያለ ባለሙያ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ መልሶ ወደ ኤክሴል ጻፈው። ሁሉም ለየብቻው። ሁሉም የየራሱን ስህተት እየጨመረበት። በአንድ አገር ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ስንት ጊዜ ተጻፈ? ይህ የሰው ጉልበት ነው፣ የወጣት ዕድሜ ነው።

ስካን የተደረገ ሰነድ ቁልፍ ባለው መስታወት ውስጥ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ቆሞ ማንበብ ይቻላል፣ ይዞ ሄዶ መሥራት ግን አይቻልም። በስልክ የሚከፍተው ሰው ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ፎቶ ስለሆነ ፋይሉ ከባድ ነው፣ ፓኬጅ ይበላል። የሚፈልገውን ቃል ጽፎ መፈለግ አይችልም። ዓይኑ የማያይ ሰው ስልኩ እንዲያነብለት ቢሞክር ስልኩ ዝም ይላል። እሱ ሰው ሕጉን እንዲያውቅ ይጠበቅበታል፣ ሕጉ ግን ለእሱ የለም።

ክፍት ማድረግ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት የገዛ ፊደላችን ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ብዙ ሰው ደክሟል። ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላቱን በየራሱ መለያ ቁጥር ማስቀመጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል። ያንኑ ሶፍትዌር ያልገዛ ሰው አያነበውም። አንድ ቋንቋ እየተናገርን፣ አንድ ፊደል እየጻፍን፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አንግባባም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ማንም ሊያነበውና ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ስምምነት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ መለያ ብቻ አላት። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ አላቀደውም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ሲያወጣ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት አብሮ መጣ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ተለቀቀ። የስልክ አምራቾች ፊደሉን ስልኮቻቸው ውስጥ አስገቡት። ዛሬ ሪያድ ያለች ልጅ ደሴ ላለው ወንድሟ በአማርኛ ስትጽፍ ደብዳቤው ይደርስ ይሆን ብላ አታስብም። የአማርኛ ጋዜጣው፣ ዩቲዩቡ፣ የቴሌግራም ገበያው ሁሉ የቆመው በዚያ ክፍት ስምምነት ላይ ነው። ስንት ሰው እንጀራ እንደሚበላበት አስቡት።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እስካሁን በአንዳንድ ቢሮዎች ሰነድ የሚጻፈው በዚያ በድሮው አሠራር ነው። ፋይሉ በሶፍት ኮፒ ቢመጣ እንኳ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ያው ቅራቅንቦ ይሆናል። ስለዚህ «ዋናውን ፋይል ስጡን» ስል በዩኒኮድ የተጻፈውን ማለቴ ነው። የቀረውን ለመቀየር የሚረዱ መሣሪያዎች አሉ፣ ፈቃደኛ ሰውም አለ።

ሁለተኛው ምስክሬ እናንተው ናችሁ። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕን እ.ኤ.አ. በ2018 መሥራት የጀመረው ሕንድ፣ ባንጋሎር ያለው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ኢትዮጵያ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ከመታሰር ይልቅ ያንን መረጠች፣ ጎበዝ ምርጫ ነው። የጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2ም እንደዚሁ ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ በኋላ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ያሳደገው ደግሞ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። አንዱ አገር ያገኘውን ጉድለት ሲያስተካክል ለሌላውም ይስተካከላል።

እንግዲህ መንግሥታችን ሌሎች ክፍት አድርገው ከሠሩት ነገር እየተጠቀመ ነው። ደስ ይለኛል። የምጠይቀው እኛም በተራችን የምንሰጠው ነገር እንዲኖረን ነው።

«ይህ የበጎ አድራጎት ሐሳብ ነው፣ ለንግድ አይሆንም» የሚል ሰው ካለ የሶፍትዌርን ኢንዱስትሪ ይመልከት። ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ኮዱን ለሁሉም ለቀቀው፣ ሰዎች በኢንተርኔት እየተጻጻፉ አሻሻሉት። ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ መሠረቱ እሱ ነው። በዓለም ላይ ካሉት 500 ኃያላን ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ ይህንኑ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ለድርጅቶች እያቀረበና እያገለገለ ነበር የሚኖረው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሠረቱን በጋራ ይሠራሉ፣ ውድድሩን ከዚያ በላይ ባለው አገልግሎት ያደርጋሉ። የኛም ትናንሽ ድርጅቶች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የቀረጥ ሠንጠረዡ፣ የወረዳዎች ዝርዝር፣ የመንገዱ ካርታ የጋራ መሠረት ይሁን። እኛ በአገልግሎት እንወዳደር።

ካርታ ካልኩ አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ በደንብ የሚታየው እሱ ላይ ነውና።

አዲስ አበባ አዲስ የመጣ ሰው ከፒያሳ አያት ለመሄድ የት ወርዶ የት እንደሚይዝ የሚነግረው ማን ነው? የታክሲው ረዳት ነው። «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው!» እውቀቱ ሁሉ በረዳቶቹ ጉሮሮና በተሳፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ናይሮቢም እንደዚሁ ነበረች። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ኤምአይቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ስልክ ይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች ላይ ተሳፈሩ። እያንዳንዱን ፌርማታ መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመሮች ያሉት ካርታ ወጣ። የከተማው አስተዳደርም ተቀበለው። መረጃው ክፍት ስለነበረ የጉዞ መተግበሪያዎች ወዲያው ሠሩበት፣ ጎግል ማፕም አስገባው። ማንም ማንንም ደጅ አልጠናም።

ማንም ሊጨምርበትና ሊጠቀምበት የሚችለውን የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ ጀመረው። ምክንያቱ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሠራውን ካርታ ለሕዝቡ መልሶ ይሸጥ ነበር። ኮስትና ጓደኞቹ ጂፒኤስ ይዘው በእግርና በብስክሌት እየዞሩ የራሳቸውን ካርታ መሥራት ጀመሩ። ነገሩ እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከየአገሩ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፖርቶፕረንስን ካርታ ሠሩ። ለእርዳታ የሄዱ ሰዎች ያንን ይዘው ነው መንገድ የፈለጉት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ኦርድናንስ ሰርቬይ ራሱ ከካርታዎቹ ብዙዎቹን በነጻ ለቀቀ። መሥሪያ ቤቱ አልፈረሰም። ዛሬም ይሠራል።

የአዲስ አበባንም መንገድ በዚያ ካርታ ላይ ብትከፍቱ ሰፈር ውስጥ ያለ ቀጭን መንገድ ድረስ ታገኛላችሁ። በፈቃደኝነት ነው የተሠራው፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። የጎደለው ግን እናንተ ጋ ያለው ነው። የቀበሌና የወረዳ ወሰን፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዝርዝር፣ የገጠር መንገድ። በጎ ፈቃደኛው መንገዱን ከሳተላይት ምስል ላይ ማየት ይችላል። ወሰኑን ግን ከሰማይ ማየት አይችልም።

«ካርታና አኃዝ ሸጠን ገቢ እናገኛለን» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አከብረዋለሁ፣ በጀት ማነስ እውነተኛ ችግር ነው። ግን የላንድሳትን ነገር ላስታውሳችሁ። ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ፎቶ የሚያነሳ የአሜሪካ የሳተላይት ፕሮግራም ነው። አንድ ምስል 600 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ብዙ በተሸጠበት ዓመት እንኳ የተሸጠው 25 ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ክምችቱን በሙሉ በነጻ ለመልቀቅ ተወሰነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት የሚወርደው ምስል በሚሊዮን ተቆጠረ። ደን የሚከታተለው፣ ድርቅ የሚተነብየው፣ የውኃ መጠን የሚለካው ሁሉ ሥራ ጀመረ። በነጻ ከተለቀቁት ምስሎች ውስጥ የጣና ሐይቅና የባሌ ተራሮች ምስል አለ። ባሕር ዳር ያለ ተማሪ እምቦጭ አረም ሐይቁ ላይ እንዴት እንደሚስፋፋ ማጥናት የቻለው 600 ዶላር ስላልተጠየቀ ነው። ምስሉ በሽያጭ የሚያስገባው ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አይወዳደርም።

አገር የሚያቆመውን ቡናችንንም እንይ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትልቅ ነገር አድርጓል። የማዕከላዊው ገበያ ዋጋ ገጠር ከተማ ድረስ በሰሌዳና በስልክ መሰማት ጀመረ። ገበሬው «ዛሬ ስንት ዋለ?» ብሎ ሰብሳቢውን ብቻ ማመን ቀረለት። ዋጋው ተከፈተ። ነገር ግን በዚያው አሠራር ቡናው በደረጃ ይቀላቀል ስለነበረ ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ የውጭ ገዢው ማወቅ ተሳነው። ይርጋጨፌን በስሙ ፈልጎ የሚመጣ ገዢ ማነው ያመረተው ብሎ ሲጠይቅ መልስ አያገኝም ነበር። ይህ የተሻሻለው ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዋጋ መክፈት ጥሩ ነው፣ ምንጩን መክፈት ደግሞ ሌላ ገበያ ያመጣል።

አሁን ጥያቄው ጠንክሮ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡና ወደዚያ የሚያስገባ ሰው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ያዛል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተገፍቷል፣ ሕጉ ግን አለ። የኛ ቡና በአብዛኛው የሚመረተው በትናንሽ ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው። እያንዳንዱ ላኪ ለብቻው እየዞረ አንድ ጓሮ ደጋግሞ ይመዝግብ? ወይስ የደን ወሰን ካርታው፣ የቀበሌ ወሰኑ፣ የማኅበራት ዝርዝሩ በጋራ ተከፍቶ ሁሉም በላዩ ላይ ይሥራ? የሲዳማ ገበሬ ቡናውን መሸጥ አለመሸጡ በዚህ መልስ ላይ የሚወሰንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። መረጃ የማግኘት መብትን በዝርዝር የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ደግሞ የቅጅ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996 ነው። ይህ አዋጅ ሕግ ነክ የሆኑ የመንግሥት ጽሑፎችን ከቅጅ መብት ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ማንም ሊያባዛቸው ይችላል። መብቱ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ሊባዛ የሚችል ፋይል ነው።

ክፍተቱን እየሞሉ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ጠበቆች ናቸው፣ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። አዋጅ እየተየቡ፣ የሰበር ውሳኔ እየሰበሰቡ ቴሌግራም ላይ ይለቃሉ። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንድ ጂንካ ያለ ጠበቃ ያንን ትርጉም በጊዜ ካላገኘ የደንበኛው ጉዳይ ይበላሻል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ የፍትሕ ሥራ ነው። ማታ ከሥራ በኋላ፣ ያለ ክፍያ። የመማሪያ መጽሐፉም እንዲሁ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም። ተማሪው በስልክ በሶፍት ኮፒ ሲቀባበል ነው የተማረው። መምህራን ማጠቃለያና መልመጃ እየጨመሩበት በግሩፕ ያሰራጩታል። እነዚህን ሰዎች ደግፏቸው። ድጋፉ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፋይሉን ብቻ ነው።

ስጋታችሁንም አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ሰው ይለውጠዋል፣ የሐሰት አዋጅ ያሰራጭበታል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። አሁንም ግን እየሆነ ነው። ፎቶ ላይ ማኅተም መለጠፍ ለአጭበርባሪ ቀላል ሥራ ነው። መፍትሔው ዋናው ጽሑፍ በራሳችሁ ዌብሳይት ላይ በቋሚ አድራሻ እንዲኖርና ማንም ሄዶ እንዲያመሳክር ማድረግ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል። በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ፋይል አንድ ፊደል ቢነካ ይታወቃል። የስካን ማኅተም እንዲህ ያለ አቅም የለውም።

ሁለተኛው ስጋት የግለሰብ መረጃ ነው። እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ የጤና ሁኔታ አይከፈት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ይከበር። የወረዳ የስንዴ ምርት አኃዝ ግን የማንም ምስጢር አይደለም።

ሦስተኛውን ስጋት በግልጽ የሚናገረው ሰው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። «አኃዛችን ስህተት ቢኖርበትስ? ይሰድቡናል።» ይኖርበታል። የትም አገር ያለ አኃዝ ስህተት አለበት። የተከፈተ ሠንጠረዥ ላይ ስህተቱን የሚያገኘው አንባቢ በነጻ ያርምላችኋል። አንድ የኢሜይል አድራሻ ከሠንጠረዡ ሥር አስቀምጡ። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሰው ሊቆጣ ይችላል፣ ቁጣውን ታገሡት። እርማቱን ተቀብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ስታወጡ ሰው ያምናችኋል።

ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ኮምፒውተር ቋንቋ እየተማረ ነው። የሚማረው ደግሞ በክፍት ከተገኘ ጽሑፍ ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ ያለው ጽሑፍ 15 ሺህ ገደማ ነው። የዕብራይስጡ ከ300 ሺህ ይበልጣል፣ ተናጋሪው ግን ከአማርኛ ተናጋሪ በብዙ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ማሳካኔ የሚባል የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ አለ። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች በኢንተርኔት እየተገናኙ ለቋንቋዎቻቸው መረጃ ያዘጋጃሉ፣ አማርኛም አለበት። የሚቸገሩት ንጹሕ ጽሑፍ በማጣት ነው። እናንተ ግን ለአሥርተ ዓመታት የተጻፈ አዋጅ፣ የግብርና መመሪያ፣ የጤና ትምህርት አላችሁ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ። የወተት ላም አያያዝ መመሪያው በጽሑፍ ቢለቀቅ ነገ ገበሬው በስልኩ በድምፅ ጠይቆ በቋንቋው መልስ የሚያገኝበትን ነገር የሚሠራ ልጅ እዚሁ አለ። ካልተለቀቀ ያ ልጅ የሌላ አገር ቋንቋ ላይ ይሠራል። አሁንም እየሠራ ነው።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ከጸደቀ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፍያው በስልክ ሆኗል፣ መታወቂያው ዲጂታል ሆኗል። ብዙ ተሠርቷል፣ አልክድም። ሰነዱ ግን እስካሁን በፕሪንተርና በስካነር መካከል እየተመላለሰ ነው።

ሁሉንም ባንዴ አልጠይቅም። ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው አዲስ ሰነድ ከስካኑ ጋር ዋናው ፋይል አብሮት ይውጣ። የድሮው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ለእሱ ደግሞ እኛን ጥሩን። በከተማው ያሉ ዴቨሎፐሮች፣ የሕግ ተማሪዎችና የላይብረሪ ባለሙያዎች ተሰባስበው ለመተየብና ለማረም ፈቃደኛ እንደሚሆኑ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ከእናንተ የሚፈለገው ቦታና የአንድ ኃላፊ «ይሁን» ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ለዚህ ሥራ አንድ ሰው መድቡ፣ ስሙና የቢሮ ስልኩ ዌብሳይቱ ላይ ይጻፍ። ፋይሉ ሲቀየር የቀድሞው ቅጂ አይጥፋ፣ የተቀየረበት ቀን ይታይ።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ፣ የወረዳና የቀበሌ ዝርዝር ከነወሰኑና ከነመለያ ቁጥሩ ይቅደም። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ዕቃ አድራሹም፣ ቡና ላኪውም በየቀኑ የሚፈልገው እሱን ነው። ቀጥሎ በሥራ ላይ ያሉ መመሪያዎች በጽሑፍ ይውጡ። የቀረጥና የታክስ ሠንጠረዦች በሦስተኛ ይምጡ። ፋይሎቹ አሁን በዚህ ሰዓት ከአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ አሉ። ለመልሳችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ